ስክሪፕታችሁ አልሠራ ሲል ማንን ትጠይቃላችሁ? ለዴስክቶፕ ኦቶሜሽን ጀማሪዎች የእርዳታ አማራጮች ንጽጽር

ኮምፒውተራችሁ በራሱ ማውስ እንዲያንቀሳቅስ፣ ቁልፍ እንዲጫን፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው መረጃ እንዲያሻግር ትንሽ ስክሪፕት ጻፋችሁ። መጀመሪያ ሠራ። በሚቀጥለው ቀን ግን ያላሰባችሁት ቦታ ክሊክ አድርጎ ቀጥ አለ። አሁን እርዳታ ያስፈልጋችኋል።

እርዳታ ደግሞ ሞልቷል። ስክሪፕቱን የጻፋችሁበት መሣሪያ መመሪያ አለ፣ ጎግል አለ፣ ቻትቦት አለ፣ ፎረም አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ከፍላችሁ የምታሠሩት ባለሙያ አለ። ግራ የሚያጋባው የቱ ለየትኛው ችግር እንደሚሆን ነው። ብዙ ጀማሪ ጥሩ ጥያቄ ይዞ የማይሆን ቦታ ይሄዳል። መልስ ያጣል፣ ወይም የማይሠራ መልስ ያገኛል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። የጀማሪ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ የሚያውቀው ጋ ሲደርስ በደቂቃዎች ያልቃል።

ይህን ሥራ ከሌላው ፕሮግራሚንግ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ቁጥር የሚደምር ኮድ የትም ኮምፒውተር ላይ ያው ነው። ክሊክ የሚያደርግ ኮድ ግን በስክሪናችሁ ይወሰናል። መስኮቱ የት ጋ ተከፈተ? የስክሪኑ ማጉያ 100 በመቶ ላይ ነው ወይስ 150? ፕሮግራሙ የተነሳው በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ነው? ገጹ እስኪከፈት ምን ያህል ቆየ? ኮዱ አንድ ፊደል ሳይሳሳት ሊከሽፍ ይችላል። ስለዚህ እርዳታ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ ሰው ጎበዝ ነው ወይ?» አይደለም። «የኔን ስክሪን ምን ያህል ያውቀዋል?» ነው።

መመዘኛዎቹ

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኩት በስድስት ነገሮች ነው። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። ከሁሉም የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

1. ስክሪናችሁን ማወቅ፦ የሚረዳችሁ አካል እናንተ ጋ የሚሆነውን ያያል? ካላየስ በቀላሉ ልታስረዱት ትችላላችሁ?
2. ቨርዥን፦ የሚሰጣችሁ መልስ እናንተ ለጫናችሁት የመሣሪያው ቨርዥን ነው?
3. ፍጥነት፦ መልሱ የሚመጣው በሰከንድ ነው፣ በሰዓታት ነው፣ ወይስ በቀናት?
4. ምስጢርና ደህንነት፦ እርዳታውን ለማግኘት ፓስወርድ፣ የደንበኛ ስም፣ የመሥሪያ ቤት መረጃ ታጋልጣላችሁ? የማታውቁትን ኮድስ ታስነሳላችሁ?
5. ትምህርት፦ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ ወይስ እንደገና ትጠይቃላችሁ?
6. ዋጋ፦ ገንዘብም፣ ጊዜም።

ቨርዥንን ሁለተኛ ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዊንዶውስ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚነሳበትን የስክሪፕት መሣሪያ፣ ኦቶሆትኪን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣው። 2.0 በይፋ የተለቀቀው በዲሴምበር 2022 ነው፤ አጻጻፉም ተቀየረ። በድሮው ቨርዥን የመልዕክት ሳጥን ለማሳየት ከትዕዛዙ ቀጥሎ ኮማ ታደርጋላችሁ፣ ጽሑፉን ያለ ጥቅስ ትጽፋላችሁ፣ ቫሪያብል ካለ በሁለት የ% ምልክት መሃል ታስገባላችሁ። በአዲሱ ጽሑፉ በጥቅስ ውስጥ ይገባል፣ ቫሪያብሉ ያለ ምልክት ይጻፋል። አንዱን በሌላው ላይ ካስነሳችሁት ብዙውን ጊዜ ኤረር ነው። ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የተጠራቀመው መልስና ምሳሌ ግን አብዛኛው በድሮው አጻጻፍ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ኮድ እናንተ ጋ ካልሠራ ኮዱ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ የሌላ ቨርዥን ሊሆን ይችላል።

ስህተት ሳያሳዩ የተቀየሩ ነገሮችም አሉ፤ እነዚህ ይብሳሉ። የማውስ አቀማመጥ በድሮው ቨርዥን የሚቆጠረው ከጠቅላላው መስኮት ጥግ ነበር። በአዲሱ ከመስኮቱ የውስጥ ክፍል ጥግ ነው፣ ማለትም የርዕስ አሞሌውና ጠርዙ አይቆጠሩም። ቁጥሩን እንዳለ ብትገለብጡት ክሊኩ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ኤረር የለም፣ ዝም ብሎ ይስታል።

መጀመሪያ፦ ችግራችሁ የቱ ነው?

እርዳታ ከመፈለጋችሁ በፊት ችግሩን ከአምስቱ በአንዱ መድቡት።

የአጻጻፍ ችግር፦ ስክሪፕቱ ገና ሳይነሳ ኤረር ያሳያል፣ የመስመር ቁጥርም ይነግራችኋል። ይሄ ቀላሉ ነው።

የጊዜ ችግር፦ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ስክሪፕቱ ከፕሮግራሙ ቀድሞ ይሄዳል። መስኮቱ ሳይከፈት መጻፍ ይጀምራል።

የቦታ ችግር፦ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቦታ ክሊክ ያደርጋል፣ ወይም በላፕቶፑ ስክሪን ሠርቶ ተጨማሪ ሞኒተር ሲሰካ ይበላሻል።

የፈቃድ ችግር፦ በሌላ ፕሮግራም ላይ ይሠራል፣ በአንዱ ላይ ግን ጭራሽ ምንም አይፈጠርም። ኤረርም የለም። ዊንዶውስ ላይ በተራ ፈቃድ የተነሳ ስክሪፕት በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ወደተነሳ መስኮት ቁልፍ መላክ አይችልም። ማክ ላይ ደግሞ ለፕሮግራሙ በሴቲንግ ውስጥ የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ካልሰጣችሁት ማውስና ኪቦርድ መቆጣጠር ይከለከላል።

የአካሄድ ችግር፦ ስክሪፕቱ ይሠራል፣ ግን ሥራው በክሊክ መሠራት አልነበረበትም። ፕሮግራሙ ፋይል ማስገቢያ ወይም የኪቦርድ አቋራጭ እያለው አርባ ክሊክ የሚያደርግ ስክሪፕት ጽፋችኋል።

ይሄ ምደባ ጠቃሚ የሚሆነው አማራጮቹ በየዓይነቱ ስለሚለያዩ ነው። ቻትቦት ለመጀመሪያው ጎበዝ ነው፣ ለሦስተኛው ደካማ። ልምድ ያለው ሰው ለአምስተኛው ወርቅ ነው፣ ለመጀመሪያው ግን ጊዜውን ማባከን ይሆናል።

የመሣሪያው መመሪያና አብረውት የሚመጡ መመርመሪያዎች

ጀማሪዎች በጣም የሚንቁት አማራጭ ይሄ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት የማስቀድመው ይሄንን ነው።

መመሪያው ከመሣሪያው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ቨርዥኑ ይገጥማል። ኦቶሆትኪም፣ ሌላው የዊንዶውስ ስክሪፕት መሣሪያ ኦቶኢትም ስትጭኗቸው ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት የእገዛ ፋይል አብሯቸው ይገባል። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ በመጨረሻም ምሳሌ አለው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከታች ወዳለው ምሳሌ ዝለሉ፤ ምሳሌውን ገልብጣችሁ አስነሱት፣ ከዚያ አንድ ቃል እየቀየራችሁ ተመልከቱ።

ከመመሪያው የሚበልጠው ግን መመርመሪያው ነው። ኦቶሆትኪ «ዊንዶ ስፓይ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለው፣ ኦቶኢትም ተመሳሳይ አለው። ክፈቱትና ማውሱን ልትጫኑት በፈለጋችሁት በተን ላይ አድርጉ። የመስኮቱን ትክክለኛ ርዕስ፣ የበተኑን የውስጥ ስም፣ የማውሱን አቀማመጥ ያሳያችኋል። የቦታ ችግርን ግማሹን ይሄ ብቻ ይፈታዋል። በተኑ የውስጥ ስም ካለው አቀማመጡን በቁጥር መስጠት አያስፈልግም፤ በስሙ ትጠሩታላችሁ። መስኮቱ የትም ቢሄድ ያገኘዋል።

ኦቶሆትኪ በቅርቡ የተፈጸሙትን የስክሪፕት መስመሮችና የተጫኑትን ቁልፎች የሚያሳይ ዝርዝርም አለው። ስክሪፕቱ የት እንደቆመ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይሄን ስክሪናችሁ ላይ ሆኖ የሚያሳያችሁ የሩቅ ረዳት የለም።

ደካማ ጎኑ፦ መመሪያ የምትፈልጉትን ስም ካላወቃችሁ አይረዳም። «መስኮቱ እስኪከፈት ጠብቅ» የሚል ትዕዛዝ መኖሩን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልገዋል?

ቻትቦት

እዚህ ጋ ቻትቦት ይገባል። ስሙን የማታውቁትን ነገር በራሳችሁ አነጋገር ትጠይቁታላችሁ፣ ስሙን ይነግራችኋል። ኤረሩን ስትሰጡት ምን ማለት እንደሆነ ያብራራል። ሌሊትም ይመልሳል፣ አንድን ጥያቄ ደጋግማችሁ ብትጠይቁት አይሰለችም። በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው የቨርዥን ጉዳይ ነው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተከፈተው በኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው፤ ኦቶሆትኪ 2.0 ደግሞ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወጣ። ዛሬ ያሉት ቻትቦቶች ከዚያ በኋላ የተጻፈውንም ተምረዋል፤ ሆኖም ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው ምሳሌ የድሮው ስለሆነ አንዳንዴ ሁለቱን በአንድ ስክሪፕት ውስጥ ቀላቅለው ይሰጣሉ። ከዚያ አልፎ ጭራሽ የሌለ ትዕዛዝ ፈጥረው በልበ ሙሉነት ይጽፋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥያቄያችሁን «ኦቶሆትኪ 2.0 ብቻ» ብላችሁ ጀምሩ። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚፈለገውን ቨርዥን የሚያውጀው መስመር ይኑር። የሰጣችሁን እያንዳንዱን አዲስ ትዕዛዝ መመሪያው ውስጥ ፈልጉት። ከሌለ፣ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ስክሪናችሁን አለማወቁ ነው። በተኑ የት እንዳለ፣ መስኮቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ካልነገራችሁት ይገምታል። ግምቱ አምሮ ስለሚጻፍ ግምት አይመስልም። ስለዚህ ዊንዶ ስፓይ ያሳያችሁን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ስጡት። ይሄ ብቻውን መልሱን ከስር መሠረቱ ይቀይረዋል። ስክሪንሾትም መስጠት ይቻላል፤ ግን ከምስል የበተኑ የውስጥ ስም አይነበብም፣ በምስሉ ላይ ደግሞ የሰው ስምና ቁጥር ሊኖር ይችላል። የምትሰጡት ነገር ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር እንደሚሄድ አትርሱ። ፓስወርዱን በ«ሀሀሀ» ተኩት፣ የደንበኛ ስም አውጡ።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ቻትቦቱ ተከታታይ «ማስተካከያ» ሰጥቷችሁ ስህተቱ ያው ከሆነ፣ ወይም ስሊፕ የሚለውን የመጠበቂያ ቁጥር ከ500 ወደ 1000፣ ከ1000 ወደ 3000 እያሳደገ ከሆነ አቁሙት። መረጃ አልቆበታል። ወይ አዲስ መረጃ ስጡት ወይ ሰው ጋ ሂዱ።

ፎረምና የጥያቄና መልስ መድረክ

መልስ የሚሰጡት በነፃ ጊዜያቸው የሚረዱ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መሃል መሣሪያውን ለዓመታት የተጠቀሙ አሉ። ቻትቦት የማያውቃቸውን የፕሮግራሞች ጠባይ ያውቃሉ። «ያ ፕሮግራም በተኖቹን ራሱ ስለሚስላቸው በስም አታገኛቸውም፣ በምስል ፈልግ» የሚላችሁ እንደዚህ ያለ ሰው ነው።

መድረኮቹ ይለያያሉ። የመሣሪያው የራሱ ፎረም ለጀማሪ ይሻላል፤ ውይይቱ ወዲያና ወዲህ ይባላል፣ ጥያቄያችሁ ቢጎድል «ይሄን ጨምር» ይሏችኋል። ሬዲትም እንደዚያው። ስታክ ኦቨርፍሎው ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው፤ ጥያቄና መልስ ለሚቀጥለው አንባቢ እንዲቀመጥ ነው። ስለዚህ የተደገመ ጥያቄ ይዘጋል፣ ግልጽ ያልሆነም ይዘጋል። ጀማሪዎች ይሄን እንደ ስድብ ይወስዱታል። ስድብ አይደለም፣ የቤቱ ደንብ ነው። እዚያ በመጠየቅ ሳይሆን በመፈለግ ተጠቀሙበት፤ ከኮዱ በፊት የመልሱን ዓመተ ምሕረት እዩ።

ደንብ ካነሳን፣ የኦቶኢት ፎረም የጨዋታ ስክሪፕት ላይ እርዳታ መጠየቅን ይከለክላል። ለጨዋታ ከሆነ የምትፈልጉት ጊዜያችሁን እዚያ አታጥፉ።

ፎረም ላይ የሚያዋጣው የጥያቄው አጻጻፍ ነው። እስቲ ሁለቱን አወዳድሩ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦

«ስክሪፕቴ አንዳንዴ አይሠራም። አስቸኳይ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ።»

ሁለተኛው፦

«ዊንዶውስ 11፣ ኦቶሆትኪ 2.0። ስክሪፕቱ ኖትፓድ ላይ ኮንትሮልና ኤስ ተጭኖ የፋይሉን ስም ይጽፋል። የጠበቅኩት፦ ስሙ በማስቀመጫው መስኮት ውስጥ እንዲጻፍ። የሆነው፦ አልፎ አልፎ ስሙ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ይጻፋል። ሁለት ሰከንድ እንዲጠብቅ ሳደርገው ይሻሻላል፣ ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅ ግን ይመለሳል። ኮዱ ስምንት መስመር ነው፣ ከታች አለ።»

የሁለተኛውን መልስ ልምድ ያለው ሰው ኮዱን ሳያይ ያውቀዋል። የጊዜ ችግር ነው። የማስቀመጫው መስኮት ገና ሳይከፈት ስክሪፕቱ ስሙን ይጽፋል። «ሁለት ሰከንድ ጠብቅ» የሚለው ወጥቶ «ያ መስኮት እስኪከፈት ጠብቅ» የሚለው ዊንዌይት ይገባል። መስኮቱ በግማሽ ሰከንድ ቢከፈት በግማሽ ሰከንድ ይቀጥላል፣ በስድስት ሰከንድ ቢከፈትም ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አምስት ጥያቄ ያስከትላል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

ስምንት መስመር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መቶ ሃምሳ መስመር የሚለጥፍ ሰው መልስ አያገኝም። ችግሩ የሚታይበትን ትንሹን ክፍል ለይታችሁ በሌላ ፋይል አስነሱት። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው፣ ስትቆራርጡት ይወጣል። መጨረሻ ላይ ልትደርሱበት የፈለጋችሁትንም ጻፉ። «በተኑን እንዴት ልጫን?» ብቻ ሳይሆን «ይሄን ዝርዝር ከዚህ ፕሮግራም ወደ ኤክሴል ማውጣት እፈልጋለሁ» በሉ። የአካሄድ ችግር ከሆነ የሚያወጣችሁ ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ ፊደልም ላንሳ፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ረዳት አያስበውም። ስክሪፕታችሁ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ካለና ሲጻፍ የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ፣ ችግሩ ፋይሉ የተቀመጠበት የፊደል አመዘጋገብ ሊሆን ይችላል። የኦቶሆትኪ አዲሱ ቨርዥን ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 ብሎ ያነባል። የድሮው ግን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባለው ምልክት ከሌለ በሌላ አመዘጋገብ ያነበዋል። በፓይተን የሚሠራው ፓይኦቶጉዊ ደግሞ የሚጽፈው ከኪቦርድ ቁልፍ ጋር የሚገጥመውን ፊደል ብቻ ነው፤ ለግዕዝ ጽሑፉን ክሊፕቦርድ ላይ አስቀምጦ ፔስት ማድረግ ነው መፍትሔው። ፎረም ላይ ስትጠይቁ የምትጽፉት ፊደል ላቲን አለመሆኑን መጀመሪያ ተናገሩ።

አጠገባችሁ ያለ ሰው፣ ወይም ስክሪን ማጋራት

ሰው ካላችሁ ይሄን የሚያህል የለም። ያያል። «ቆይ፣ ያ ከላይ ብቅ ብሎ የጠፋው ምንድን ነው?» ይላል፤ እናንተ ስለለመዳችሁት ያላያችሁት ነገር ነው። የቦታና የፈቃድ ችግር ብዙውን ጊዜ በአንድ እይታ ይወጣል። በሽተኛን በስልክ ከማከምና በአካል ከማየት ያለው ልዩነት ነው።

የሚረዳችሁ ሰው መሣሪያውን ባያውቅም ግድ የለም። ፕሮግራመር ከሆነ ይበቃል፤ ካልሆነም በጥሞና የሚያይ ዓይን ብዙ ይረዳል። ጊዜውን አክብሩለት። ትንሹን ስክሪፕት አዘጋጅታችሁ ጠብቁት፣ ኪቦርዱን ደግሞ እናንተው ያዙ። እሱ ከጻፈላችሁ ነገ ያው ጥያቄ ይመለሳል። ስክሪን ስታጋሩ ከማታውቁት ሰው ጋር ከሆነ ማየት ብቻ ፍቀዱ፣ መቆጣጠር አትፍቀዱ፤ ኢሜይላችሁንና ሌሎች መስኮቶችን ዝጉ።

ቪዲዮ

ከዜሮ ለመነሳት ጥሩ ነው። ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚሆን ስለሚያሳይ ጽሑፍ የማይገልጸውን ይገልጻል። ለተለየ ችግር ግን አይሆንም፤ የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ አንድ መስመር መፈለግ ያደክማል። የተጫነበትን ዓመት እዩ።

ከፍሎ ማሠራት

በአፕወርክና ፋይቨር ላይ ይህን የሚሠሩ ፍሪላንሰሮች አሉ። የሚያዋጣው ስክሪፕቱ በየቀኑ ጊዜ የሚቆጥብላችሁ ሲሆንና መማሩ ዓላማችሁ ካልሆነ ነው። ለአንድ ኤረር መክፈል ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ከመስማማታችሁ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ያዙ። ስክሪፕቱ በሚነበብ ኮድ ይሰጣችሁ፤ የተጠቀለለ ኢኤክስኢ ፋይል ብቻ አትቀበሉ። ውስጡ ምን እንዳለ አታዩትም፣ ነገ ፕሮግራሙ ሲቀየር ማስተካከል አትችሉም። በዚያ ላይ በኦቶሆትኪና በኦቶኢት የተጠቀለሉ ፋይሎችን ጸረ ቫይረስ ደጋግሞ ሳያጣራ እንደ ቫይረስ ይይዛቸዋል፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ይከብዳችኋል። ሙከራው በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሁን። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ በዚህ ሥራ ዋጋ የለውም። የምትጠቀሙበት ፕሮግራም አፕዴት ሲያደርግ ማን እንደሚያስተካክለው፣ በስንት እንደሆነም ይጻፍ። ያለ ጥርጥር አንድ ቀን ይበላሻል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ስክሪናችሁን ማወቅ | ቨርዥን | ፍጥነት | ምስጢር | ትምህርት | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| መመሪያና መመርመሪያ | በጣም ጥሩ (መመርመሪያው) | ሁልጊዜ ይገጥማል | መካከለኛ | ምንም አይወጣም | ከፍተኛ | ነፃ |
| ቻትቦት | የነገራችሁትን ያህል | ሊቀላቅል ይችላል | ሰከንዶች | ጥንቃቄ ይፈልጋል | መካከለኛ | ነፃ ወይም ወርሃዊ |
| የድሮ መልስ መፈለግ | የለም | ዓመቱን እዩ | ደቂቃዎች | ምንም አይወጣም | መካከለኛ | ነፃ |
| ፎረም ላይ መጠየቅ | የጻፋችሁትን ያህል | ከጠቀሳችሁት ይገጥማል | ሰዓታት ወይም ቀናት | ለሁሉም ይታያል | ከፍተኛ | ነፃ |
| አጠገባችሁ ያለ ሰው | ከሁሉም የተሻለ | እናንተ ጋ ያለው | ሰውየው ሲመቸው | ሰውየው ይወስነዋል | ከፍተኛ | ምስጋና |
| ቪዲዮ | የለም | ዓመቱን እዩ | ቀርፋፋ | ምንም አይወጣም | ለመነሻ ጥሩ | ብዙው ነፃ |
| ፍሪላንሰር | ስክሪን ካጋራችሁ ጥሩ | እናንተ ትወስናላችሁ | ቀናት | ውል ይፈልጋል | ዝቅተኛ | ውድ |

ለማን የቱ?

ገንዘብ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ ለምትሉ፦ መመሪያ፣ ቀጥሎ ቻትቦት፣ ቀጥሎ ፎረም። በዚህ ቅደም ተከተል። ቻትቦቱ ስሙን ይነግራችኋል፣ መመሪያው እውነት መሆኑን ያረጋግጥላችኋል፣ ሁለቱም ያልፈቱት ፎረም ላይ ይወጣል።

ሥራው ለነገ ጠዋት መድረስ ካለበት፦ ቻትቦትና አጠገባችሁ ያለ ሰው። ፎረም ላይ የሚጠበቀው መልስ ላይደርስ ይችላል። ግማሹን በእጅ ሠርታችሁ ግማሹን ብቻ በስክሪፕት ማስኬድም ነውር የለውም።

የምትሠሩት የሰው ጤና፣ የባንክ ወይም የደመወዝ መረጃ ላይ ከሆነ፦ መመሪያና በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ። ውጪ መጠየቅ ግድ ከሆነ ችግሩን በኖትፓድ ወይም በካልኩሌተር ላይ ድገሙትና ያንን ጠይቁ። የጊዜና የአጻጻፍ ችግር ኖትፓድ ላይም ያው ነው።

ኮድ መጻፍ ጭራሽ የማትፈልጉ ከሆነ፦ እርዳታ ከመፈለግ መሣሪያ መቀየር ይሻላል። የማይክሮሶፍት ፓወር ኦቶሜት ዴስክቶፕ ከማርች 2021 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች ነፃ ሆኗል፣ ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ ይመጣል። የምታደርጉትን እየቀዳ ወደ ደረጃዎች ይለውጠዋል። በተኑን በአቀማመጥ ሳይሆን በማንነቱ ስለሚይዝ የቦታ ችግር ይቀንሳል። የጊዜ ችግር ግን እዚያም አለ።

ፓይኦቶጉዊ የምትጠቀሙ፦ ሁለት ሞኒተር ካላችሁ ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት በዋናው ሞኒተር ብቻ ሞክሩት፤ የተሠራው ለእሱ ነው። እርዳታ የሰጣችሁን ኮድ ስትሞክሩ ደግሞ ስክሪፕቱ ከእጃችሁ ካመለጠ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጥግ ግፉት፣ ይቆማል። ኦቶሆትኪ ላይ ይሄ ራሱን ችሎ ስለማይመጣ ኤስኬፕ ሲጫን ስክሪፕቱን የሚዘጋ መስመር መጀመሪያ ጨምሩ። ከሌላ ሰው የመጣ ኮድ ያለ ማቆሚያ አታስነሱ።

ሊኑክስ ላይ ለምትሠሩ፦ ማንም ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትነግሩት የምትጠቀሙት ኤክስ11 ይሁን ዌይላንድ ነው፤ ሁለቱም መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ሥርዓቶች ናቸው። ማውስና ኪቦርድ የሚያንቀሳቅሰው ኤክስዱቱል የተሠራው ለኤክስ11 ነው። ዌይላንድ ላይ አንድ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዳሻው እንዲቆጣጠር ስለማይፈቀድ የድሮው መልስ አብዛኛው አይሠራም። ይሄን ሳትጠቅሱ የሚመጣላችሁ ምክር ሁሉ ለሌላ ሰው ኮምፒውተር የተሰጠ ምክር ነው። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ከመግቢያው ገጽ ኤክስ11ን መምረጥ ይቻላል፤ ካለ በእሱ ገብታችሁ ያንኑ ስክሪፕት አስነሱት። ከሠራ ችግሩ ከኮዳችሁ አይደለም፤ ፎረም ላይ የምትጽፉት ጥያቄም «ለዌይላንድ የሚሆን መሣሪያ የቱ ነው?» ይሆናል።